200 መጣልኝ ብላችሁ አትደሰቱ

ሰሞኑን አንድ ልጅ "ጋሼ፣ ሎጊን ፎርሙን በኮድ ስልከው 200 ይመልስልኛል፣ ቀጥዬ ሌላ ገጽ ስጠይቅ ግን መልሶ ሎጊን ላይ ይጥለኛል" ብሎ ጻፈልኝ። መልሱን በሁለት መስመር ላኩለት፣ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ፣ ከዚች ቁጥር ጋር የቆየ ሂሳብ አለኝና። 200 ማለት ሰርቨሩ ጥያቄህ ደርሶኛል፣ ገጽም መልሻለሁ የሚልበት ቁጥር ነው፣ ሎጊኑ ተሳክቷል ማለት ግን አይደለም።

ያኔ ጀማሪ ነበርኩ። በእድሜ የሚበልጡኝ አንዲት ባልደረባዬ በየማለዳው አንድ ሳይት ላይ ገብተው ሪፖርት ያወርዱ ነበር፣ ዩዘርኔም፣ ፓስወርድ፣ ቀን መምረጥ፣ ሴቭ፣ ሁሌ ያው። እኔ ደግሞ ፖስት ሪኩዌስት የሚባለውን ነገር (ፎርም ላይ የሚሞላውን ወደ ሰርቨር መላኪያውን) ገና መቻሌ ነው፣ አላስቀምጥ ብሎኛል፣ "እኔ ስክሪፕት እሰራልዎታለሁ" አልኳቸው። "ተው ልጄ፣ ይቆለፍብኛል" አሉኝ። "ኧረ ምንም አይሆንም!" ብዬ ፓስወርዳቸውን ተቀበልኩ።

ወር ሙሉ እንደ ሰዓት ሰራ። ከዛ ሳይቱ ፓስወርድ ቀይሩ አላቸውና ቀየሩ፣ ለኔ መንገር ትዝ አላላቸውም፣ እኔም ብትቀይሩ ንገሩኝ አላልኩም። ስክሪፕቱ ሌሊት አሮጌውን ይልካል፣ ሰርቨሩ ያንኑ የሎጊን ገጽ በቀይ ጽሁፍ "ፓስወርዱ ትክክል አይደለም" ብሎ ይመልሳል፣ ግን ስታተሱ 200 ነው! የኔ ኮድ 200 ካየ "ገብቻለሁ" ይላል፣ ሪፖርት ሲጠይቅ ሪፖርት የለም፣ እንደገና ይጀምራል። እንደዛ እያለ አነጋ። ጠዋት የወረደውን ፋይል በኖትፓድ ስከፍተው ቁጥር የለም፣ ያ ቀይ ጽሁፍ ብቻ። አካውንታቸው ተቆልፏል።

አለቃችን መጥቶ "ፓስወርድ ለሰው ሰጥተዋል እንዴ?" አላቸው። ቀና ብለው እኔን አዩኝና "አይ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት መሰለኝ" አሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ኪቦርድ እነካካለሁ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ጡረታ እስኪወጡም አላነሳሁባቸውም፣ እሳቸውም አላነሱብኝም፣ ይሄ ነው የሚከነክነኝ።

ፓስወርድ ኮድ ውስጥ አትጻፉ ምናምን አልልም፣ ታውቁታላችሁ። የልጁ ችግር ግን ሌላ ነበር፣ ፎርሙ ውስጥ የተደበቀ ቶክን አለ (ሰርቨሩ ፎርሙ ከራሱ ገጽ መምጣቱን የሚያጣራበት የሚስጥር ኮድ)፣ መጀመሪያ ገጹን በጌት (ገጽ በሚያመጣው ጥያቄ) አምጥቶ ቶክኑን ማውጣት፣ ከዛ ገጹ የሰጠውን ኩኪ (ሰርቨሩ ያው ሰው መሆንህን የሚያውቅበትን ምልክት) ይዞ በዛው ሴሽን ፖስት ማድረግ ነበረበት። እሱ ግን ከብራውዘሩ ላይ የትናንቱን ቶክን ኮፒ አድርጎ ለጥፎታል። የፊልዱንም (የመሙያ ሳጥኑንም) ስም በገጹ ኮድ ላይ አይዲ በሚለው ነው የላከው፣ ሰርቨር የሚደርሰው ግን ኔም የሚለው ነው። ኤፍ12 ተጭኖ ኔትወርክ የሚለው ላይ ብራውዘሩ ራሱ ምን እንደሚልክ ቢያይ ኖሮ አስር ደቂቃ አይፈጅበትም። የዘንድሮ ልጆች ይሄን ከማየት ኤአይ መጠየቅ ይቀላችኋል፣ ወይ ለሁለት ሪኩዌስት ብላችሁ ሴሌኒየምን (ብራውዘርን በኮድ የሚነዳ መሳሪያ) ከነብራውዘሩ ታስነሳላችሁ። እውነቱን ለመናገር ባለፈው ወር እኔም አስነስቻለሁ፣ ገጹ በሙሉ በጃቫስክሪፕት የሚሰራ ነበር፣ ሰነፍኩ።

ሎጊን እምቢ ካለ ኮዳችሁ አንዴ ሞክሮ ይቁም፣ ሉፕ ውስጥ አታስገቡት። ሳይቱ ኤፒአይ (ለፕሮግራሞች የተዘጋጀ መግቢያ) ካለው ደግሞ ፎርሙን ጭራሽ አትንኩት።

ማታ ልጁ "ጋሼ ገባሁ!!" ብሎ ላከልኝ። "ሎግ አውት የሚለውን ገጹ ላይ አየኸው?" አልኩት። ትንሽ ቆይቶ "ቆይ ልየው" አለ።