ካማሮህ የሚተነፍሰው ከሆዱ ስር ነው

የ1989 ሸቭሮሌ ካማሮ አይሮክ-ዚ ገዝተህ ከተማ ውስጥ ሙቀቱ ልኩን ይጠብቃል፣ ሀይዌይ ላይ በሰዓት 70 ማይል ስትደርስ ግን ጠቋሚው ወደ ቀዩ መውጣት ይጀምራል ብለሃል። ራዲያተሩም ቴርሞስታቱም አዲስ ነው። አንድ ወዳጅህ ደግሞ ኮፈኑን ቀደን እንደ ድሮዎቹ የአየር መሳቢያ ብንሠራለት ይበርዳል ብሎ መክሮሃል። ወንድሜ፣ ኮፈኑን አትንካው።

መጀመሪያ መሬት ላይ ተንበርከክና ከፊት ፓራውልቱ ስር ተመልከት። ከራዲያተሩ በታች ወደ መሬት የሚወርድ ጥቁር የፕላስቲክ ከለላ መኖር አለበት። ሳይሰበር አግኝተኸው ከሆነ እገረማለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በእነዚህ መኪናዎች ላይ ለዓመታት ስሠራ ይህ ፕላስቲክ ተሰብሮ፣ ተቆርጦ ወይም ከነጭራሹ ጠፍቶ ያላየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። የመኪና ማቆሚያ ጠርዝ ይሰብረዋል፤ ባለቤቱ መልኩን ይጠላና የቀረውን ራሱ ይነቅለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1982 እስከ 1992 የተሠሩት ካማሮና እህት መኪናው የፖንቲያክ ፋየርበርድ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) አፍንጫቸው ዝቅ ያለና ሹል ስለሆነ ለራዲያተሩ የሚበቃ የፊት ክፍተት የላቸውም። በተለይ ፋየርበርዱ ከፊት ሲታይ ድፍን ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፋብሪካው አየሩን ከታች እንዲወስዱ አደረገ። ከለላው በመኪናው ስር የሚያልፈውን አየር ገትቶ ወደ ላይ፣ ወደ ራዲያተሩ ያዞረዋል። ከዚያም በላይ ከበስተጀርባው ያለው ግፊት እንዲቀንስ ያደርጋል፤ የሞተሩን ትኩስ አየር ወደ ታች ስቦ የሚያወጣው ይህ የግፊት ልዩነት ነው። ከለላው ሲጠፋ አየሩ በራዲያተሩ በኩል መግባቱን ትቶ በመኪናው ሆድ ስር ያልፋል። ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር ሞተሩ የሚያመነጨው ሙቀት ይጨምራል፣ የሚደርሰው ንፋስ ግን አይከተለውም።

ከተማ ውስጥ ደህና የሆነውም ለዚህ ነው። ቀስ ብለህ ስትሄድ አየር የሚስበው ቬንቲሌተሩ ነው፤ ያንተ ደግሞ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ችግሩ የተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም መብራት ላይ ሲቆም እየሞቀ መንገድ ላይ ቢበርድ ኖሮ፣ ቬንቲሌተሩንና ሽቦውን እይ እልህ ነበር። በነገራችን ላይ ፋብሪካው ቬንቲሌተሩን የሚያስነሳው ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ በኋላ ነው። ግማሽ ውሃ ግማሽ አንቱፍሪዝ በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የራዲያተር ክዳን ስር የሚፈላው 129 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ 105 ስታይ አትደንግጥ።

አሁን ወደ ኮፈኑ ልምጣ። የድሮዎቹ መኪናዎች ኮፈን ላይ የምታየው አፍ ራዲያተሩን ለማቀዝቀዝ የተሠራ አይደለም፤ ካርቡራተሩ ቀዝቃዛ አየር እንዲያገኝ ነው። 30 ዲግሪ የሆነ አየር ኮፈኑ ስር ሞቆ 60 ቢደርስ እፍጋቱ ወደ 9 በመቶ ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮት ይወርዳል። ለዚህ ሲባል ያልተደረገ ነገር የለም። ፎርድ በ1964 ለድራግ ውድድር (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ለሚደረግ የፍጥነት ፉክክር) ባዘጋጀው ፌርሌን ተንደርቦልት ላይ የውስጠኞቹን ሁለት የፊት መብራቶች አውጥቶ በቦታቸው እስከ ካርቡራተሮቹ የሚደርሱ ቱቦዎች አስገባ። ኦልድስሞቢል በ1966 442 የተባለው መኪናው ደብልዩ-30 ዓይነት ላይ ለትልልቆቹ ቱቦዎች ቦታ ለማግኘት ባትሪውን ወደ ኋላ ሻንጣ ክፍል አዛወረው። የ1970 ፕሊመዝ ኤር ግራበር የተባለው የኮፈን አፍ ደግሞ ሾፌሩ ማብሪያ ሲጫን ከኮፈኑ ብድግ ይላል፤ ጎኑ ላይ የሻርክ ጥርስ ተስሎበታል። ጥርሱ ለሞተሩ ምንም አይሠራለትም፤ መብራት ላይ አጠገብህ የቆመውን ለማስፈራራት ነው።

ላንተ ጉዳይ ዋናው ትምህርት ያለው ግን በሸቭሮሌ አሠራር ነው። በ1969 ካማሮና በ1970 ሸቬል ኤስኤስ ላይ የቀረበው ልዩ ኮፈን አፉ የዞረው ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት መስታወቱ ነው። መኪናው ሲፈጥን አየሩ መስታወቱ ግርጌ ላይ ተጋጭቶ ይከማቻልና እዚያ ያለው ግፊት ከፍተኛ ነው። ሸቬሉ ላይ ነዳጅ አጥብቀህ ስትረግጥ አንዲት ክዳን ተከፍታ ከዚያ ትስባለች። እንግዲህ ኮፈኑን ከኋላ በኩል በወሸራ ከፍ አድርገው ትኩስ አየር ይውጣለት የሚሉ ሰዎች ምን እያደረጉ እንደሆነ አስብ። ቆሞ ሲሠራ እውነትም ይወጣል። ሀይዌይ ላይ ግን አየሩ በዚያው ይገባል፤ የሞተሩን ክፍል ግፊት ይጨምርና በራዲያተሩ የሚያልፈውን ንፋስ ያዳክማል። አንድ ጓደኛዬ ፋየርበርዱን እንዲህ አድርጎ፣ ከለላውም ሳይኖረው፣ ጋራዥ ውስጥ ራዲያተርና የውሃ ፓምፕ አስቀይሮ ብዙ ከፈለ። የዳነው ከለላው ሲገጠምለትና ኮፈኑ ወደ ቦታው ሲመለስ ነው።

ከለላው ካለ፣ ቀጥሎ በኤር ኮንዲሽነሩ ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል አብራ። ከመሬት የሚስብ መኪና ቅጠልና ፌስታልም አብሮ ይስባል፤ ራዲያተሩ አዲስ ሆኖ ክፍተቱ ሊደፈን ይችላል። በራዲያተሩ ጎንና አናት ያለው ማሸጊያ ስፖንጅ መኖሩንም እይ። የታችኛውን የውሃ ጎማ ደግሞ ሰው ነዳጅ እየሰጠልህ ተመልከተው፤ በፓምፑ መሳብ ከተጣበቀ ቀይረው።

በላክልኝ ፎቶ ላይ ያየሁት ኮፈኑ ስር የተገጠመ ክፍት ዲፑራተር (የአየር ማጣሪያ) ያንተው ከሆነ አውጣው። ያንተ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለት የዲፑራተር ሳጥኖች ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ነበሩት፤ ቀዝቃዛ አየር ከዚያ ይወስድ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ጋራዡ ውስጥ አስቀምጧቸው እንደሆነ ደውለህ ጠይቀው።