ከዕጢው በፊት ስለ ጉበቱ ጠይቂ

እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። በጉበታቸው ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ተገኝቶ አንዱ ሐኪም ቀዶ ሕክምና፣ ሌላው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት እንደመከረሽ ጽፈሽ፣ ዕድሜ የሚያረዝመው የትኛው እንደሆነ ጠይቀሻል። ሐኪም አይደለሁም፤ ታላቅ ወንድሜን ሳስታምም ያየሁትን ልንገርሽ።

እኛም ቁጥር ስናወዳድር ከርመናል። ዘግይቶ የገባኝ ግን ቁጥሮቹ ስለ ተመሳሳይ ሕመምተኞች የሚናገሩ አለመሆናቸው ነው። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ቀድሞውንም ጉበቱ ደህና የሆነ ነው፤ መድኃኒት ብቻ የሚሰጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው የተስፋፋበት ነው።

የወንድሜ ዕጢ ከአባትሽ ብዙም አይበልጥም ነበር። ፊቱ እየከሳ ሳለ ቀበቶው አልደርስ ብሎት በሚስማር አዲስ ቀዳዳ የበሳሁለት እኔ ነኝ። ወፈረ ብለን የተደሰትን ሞኞች! ለካ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ለዓመታት ጉበቱን አጠንክሮት ስለነበር፣ ዕጢው ተቆርጦ ቢወጣ የሚተርፈው ጉበት እንደማይችለው ተነገረን።

የቀረው ንቅለ ተከላ ነበር፤ እርሱ ዕጢውንም የታመመውንም ጉበት አብሮ ያነሣል። መስፈርቱ የሚላን ይባላል፦ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ አንድ ዕጢ፣ ወይም እያንዳንዳቸው ከ3 ያልበለጡ እስከ ሦስት ዕጢዎች። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ከተተከለላቸው 75 በመቶው ከአራት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። እኛ ወደ ህንድ ልንወስደው ገንዘብ ስናሰባስብ ዕጢው ዋናው የጉበት ደም ሥር ውስጥ ገባና ያ በር ተዘጋ። ሶራፌኒብ የሚባል የጉበት ካንሰር እንክብል ጀመረ። መዳፉ ተላልጦ እንጀራ መቁረስ ስላቃተው አጎርሰው ነበር። ዘጠኝ ወር ኖረ።

ስለዚህ ነገ ስትሄጂ የአባትሽ ቻይልድ ፒው፣ ማለትም ጉበታቸው ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየው ደረጃ፣ ከደህናው ኤ ነው፣ ቢ ወይስ በጣም የተጎዳው ሲ ብለሽ ጠይቂ። የተባለውም መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ለዪ፤ በብሽሽት ገብቶ ዕጢውን የሚመግበውን ደም ሥር የሚዘጋው አንድ ነገር ነው፣ በክንድ የሚሰጠው አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ ሌላ። ሁለተኛው በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት ከሶራፌኒብ የተሻለ ዕድሜ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ደም ሊያፈስ ስለሚችል አስቀድሞ ጉሮሮና ጨጓራ በኢንዶስኮፒ ይታያል።

መንስኤው ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ እናንተ ልጆቹም ተመርመሩ። በእኔ የተገኘው ወንድሜን ካስታመምሁ በኋላ ነው፤ አሁን በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እታያለሁ።