ኖታም ሲበዛ

ጥያቄ፦ በአየር መንገድ የበረራ መቆጣጠሪያ ክፍል እሠራለሁ። ለአንድ በረራ የሚመጣው ኖታም (ስለ መንደርደሪያ መዘጋትና ስለ መሰል ነገሮች ለበረራ ሠራተኞች የሚላክ ማስታወቂያ) ብዙ ገጽ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ብናሳጥረው ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ እንዲያሳጥር ሳይሆን እንዲደረድር አድርጉት፤ የተዘጋ መንደርደሪያ ከላይ፣ ሩቅ ያለ ክሬን ከታች። ዋናው ጽሑፍ ሳይነካ ከጎኑ ይታይ።

ስህተት የሚበዛው ጊዜ ላይ ነው። «ቢ» እና «ሲ» መስኮች መጀመሪያና መጨረሻውን በ10 አሃዝ ይይዛሉ፦ 2503140600 ማለት ማርች 14 ቀን 2025፣ 06:00 ዩቲሲ (ዓለም አቀፍ መደበኛ ሰዓት) ነው። ይህን ለሞዴሉ አትተዉት፤ በተራ ፕሮግራም ይነበብ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የትኞቹ ሰዓቶች እንደሆኑ የሚለየው «ዲ» መስክ ከተዘለለ ሌሊት ብቻ የሚዘጋ መንደርደሪያ ሳምንቱን ሙሉ የተዘጋ ይመስላል። ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ከማብቂያው ሰዓት ጋር የሚጻፈው «ኢኤስቲ» ነው፤ ማብቂያው ግምት ስለሆነ፣ ሰዓቱ ቢያልፍም መሰረዣው ወይም ተኪው ኖታም ሳይደርስ ከዝርዝሩ አይውጣ።