«እህቴ ዋርፋሪኗን ትቀይር ወይ? ጥናቱ ውስጥስ ትግባ ወይ?» ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያነበብኩት። «አዲሱ ይሻላል፣ ቀይሩላት» የሚሉ መልሶች ስላየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ላላነበቡት ነገሩ ይሄ ነው። የእህትሽ ዕድሜ 24 ነው። በልጅነቷ ባመማት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ ቫልቯ ጠቧል፣ የልብ ምቷም ተዛብቷል። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ትወስዳለች። ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ በቁጥር ለሚያሳየው የአይኤንአር ምርመራ መመላለሱ ሰልችቷታል። አሁን አጎታችሁ ከውጭ አገር ሪቫሮክሳባን ልከዋል፤ «ዘመናዊ ነው፣ የደም ምርመራ አይፈልግም» ብለው። በዚህ መሀል ሆስፒታሉ አንድ የልብ ሕክምና ጥናት ላይ እንድትሳተፍ ጠየቃት። እናትሽ ደግሞ «ልጄን መሞከሪያ ሊያደርጓት ነው» እያሉ ያለቅሳሉ። ሰርጓም ከፋሲካ በኋላ ነው ብለሻል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቢሮዬ ሜክሲኮ፣ ቤቴ ተክለ ሃይማኖት ነው። ይሄን ሕመም ግን ከ11 ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ቶንሲል ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ጉልበቴና ክርኔ እየተፈራረቁ አበጡ፣ ከዓመታት በኋላ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። በ2006 ዓ.ም. ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተገጠመልኝ። እኛ ሕሙማን «የብረት» እንለዋለን። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ደረቴ ላይ ተኝታ «አክስቴ፣ ሆድሽ ውስጥ ሰዓት አለ?» ብላ ጠይቃኛለች። ከዚያን ዓመት ወዲህ ያለ ዋርፋሪን ያደርኩበት ቀን የለም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ ልግባ። አትቀይር። በራሷ ጊዜ ፈጽሞ አትቀይር። ይሄን በድፍረት የምልሽ እንደ እህትሽ ባሉ ሰዎች ላይ በትክክል ስለተጠና ነው። ጥናቱ ኢንቪክተስ ይባላል። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ ሕሙማን ተሳትፈውበታል። ሁሉም ሩማቲክ የልብ ሕመም (ይሄ ከጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የኛ ሕመም) ከልብ ምት መዛባት ጋር ያለባቸው ናቸው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሪቫሮክሳባን፣ ግማሾቹ ዋርፋሪንና የእሱ ዘመዶች የሆኑትን የቆዩ መድኃኒቶች ወሰዱ። የታሰበው አዲሱ ቢያንስ ከአሮጌው አያንስም ተብሎ ነበር።

ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የታሰበው ተገለበጠ። ስትሮክ፣ የደም መርጋት፣ ድንገተኛ የልብ ጥቃት፣ ወይም ከልብና ከደም ሥር ጋር የተያያዘ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት የደረሰባቸው ከሪቫሮክሳባን ቡድን ከ2,275 ሰዎች 560 ናቸው። ከዋርፋሪኑ ቡድን ደግሞ ከ2,256 ሰዎች 446። የሞቱትን ብቻ ብትቆጥሪ 552 ለ442 ነው። «ዋርፋሪን ያደማል» የሚለው ፍርሃትም በዚህ ጥናት አልታየም፤ አሮጌውን የወሰዱት ከሌሎቹ በላይ አልደሙም። እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ያየሁ ቀን ልዩነቱን በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ደጋግሜ ቀነስኩት። 110 ሰው ነው። 110 ቤት ነው።

አጎታችሁን አትቆጧቸው። ሪቫሮክሳባን መጥፎ መድኃኒት አይደለም። የቫልቭ ጥበት ወይም የብረት ቫልቭ ሳይኖርባቸው የልብ ምታቸው ለተዛባ ሰዎች በብዙ አገር የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። እሳቸው በሚኖሩበት አገር የሚያዩት ሕመም ያ ይሆናል። የእኛ ግን የተለየ ነው። እንዲያውም ለኔ ዓይነቱ ሰው ሌላ ታሪክ አለ። ዳቢጋትራን የሚባል አዲስ ደም ማቅጠኛ የብረት ቫልቭ ባላቸው ሰዎች ላይ ሲጠና፣ የወሰዱት ደም እየረጋባቸውም እየደሙም ስላስቸገረ ጥናቱ በመሀል እንዲቆም ተደርጓል። ውጤቱ የታተመው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ዳቢጋትራን ከወሰዱት 168 ሰዎች 9ኙ ስትሮክ ገጥሟቸዋል። ዋርፋሪን ከወሰዱት 84 ሰዎች አንድም የለም።

እህትሽ አጎታችሁ የላኩትን ክኒን ጀምራ ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪሟ ንገሩ። ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥም፣ ሁለቱንም በድንገት ማቆምም አደጋ ነው።

የመመላለሱ ነገር ግን እውነት ነው፣ ያሰለቻል። እኔም ሰልችቶኝ ያውቃል። ዋርፋሪን ክትትል ካላገኘ ሰው ጋር አይስማማም። አንድ ጊዜ ሆዴን አሞኝ ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሰገራ ታየና አሜባ ነው ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ታዘዘልኝ። ዋርፋሪን እንደምወስድ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። በአምስተኛው ቀን ጥርሴን ስቦርሽ አረፋው ቀይ ሆነ። የታክሲ በር የነካኝ ክንዴ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር ነገር ወጣ። አይኤንአሬን ልሰጥ ሄድኩ። የላብራቶሪዋ ልጅ ወረቀቱን ሁለቴ አየችና «እዚሁ ቁጭ በይ፣ እንዳትሄጂ» አለችኝ። 6.8 ነበር። የኔ መሆን ያለበት ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። የእህትሽ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ይሆናል፣ ሐኪሟን ጠይቁ።

በሁዳዴ ደግሞ ተቃራኒው ደረሰብኝ። ጎመን በየቀኑ በላሁና 1.6 ወረደ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪኑን ጉልበት ይቀንሰዋል። ሐኪሜ «ጎመን ተዪ» አላለኝም። «የምትበዪውን በጾምም በፍስክም አንድ ልክ አድርጊው፤ ካበዛሽ ቀድመሽ ንገሪኝ» ነው ያለኝ። ከዚያ ወዲህ ጾም ሲገባ አንድ ሳምንት ቆይቼ እመረመራለሁ። ለእህትሽም ይሄን ንገሪልኝ። ራስ ምታት ሲይዛት ደግሞ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ በራሷ ገዝታ አትዋጥ፣ ያደማል።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄሽ። እናትሽን የሚያስለቅሳቸው እሱ ነው።

እስቲ አስቢው። የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ያገኘው ከየት ነው? ሁለተኛው ጥያቄሽ ሲቀርብላቸው «እሺ» ካሉ ከ4,500 በላይ ሰዎች ነው። አማካይ ዕድሜያቸው 50 ግድም ነው፣ ከአሥሩ ሰባቱ ሴቶች ናቸው። እነሱ ባይስማሙ ኖሮ ዛሬ ሁላችንም «አዲሱ ሳይሻል አይቀርም» እያልን የአጎትሽን ክኒን እንውጥ ነበር። ኡጋንዳ ውስጥ ደግሞ 818 ልጆች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሕመሙ ሳይሰማቸው በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ብቻ የተገኘባቸው ልጆች ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው ከተወጉት 3፣ ካልተወጉት 33 ናቸው። በነገራችን ላይ እህትሽ መርፌዋን ትወጋለች? አልጻፍሽም። ካቆመች ለምን እንዳቆመች ሐኪሟን ጠይቁ።

ጥናት ሁሉ መድኃኒት መሞከር አይደለም። ሬመዲ የሚባለው ጥናት የኛ አገር ሕሙማንም ያሉበት ነው። በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን 3,343 ሰዎችን መዝግቦ ሁለት ዓመት ተከታተለ። ምንም አዲስ ነገር አልሰጣቸውም፣ ምን እንደሚደርስባቸው ነው ያየው። የተመዘገቡት አማካይ ዕድሜ 28 ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ 500 ሞቱ። የደም ማቅጠኛ ከታዘዘላቸው መካከል አይኤንአሩ ልክ ላይ የተገኘው 28.3 በመቶው ብቻ ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል በኩል ያለፈ ሰው የዚህ ሕመም ተሸካሚዎች ምን ያህል ልጆች እንደሆኑ በዓይኑ ያየዋል። ግን ሐዘን ብቻውን መድኃኒትና ባለሙያ አያስመጣም። ቁጥር ሲኖር ነው የሚጠየቀው።

እኔ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕሙማንን በሚከታተል ጥናት ውስጥ ገብቻለሁ። ሲስተሯ ወረቀቱን ቁጭ ብላ አነበበችልኝ። አጠገቤ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፣ ማንበብ አይችሉም። ለሳቸውም ጮክ ብላ አነበበችላቸውና «እስቲ እማማ፣ ምን እንዳልኩዎት መልሰው ይንገሩኝ» አለቻቸው። በራሳቸው አነጋገር እስኪነግሯት ድረስ የቀለሙን ሳጥን አልከፈተችም። አውራ ጣታቸውን ያስነካቻቸው ከዚያ በኋላ ነው። ጥናቱ ለኔ ያተረፈልኝ ነገር ይሄ ነው፤ ቀጠሮ ሳሳልፍ የሚደውልልኝ ሰው ነበረ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ አንድ ወጣት ኮሪደር ላይ ወረቀት ዘርግቶ «እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ። ምንድነው ስለው «ለጥናት ነው፣ ችግር የለውም» አለ። አልፈረምኩም። ሕክምናዬም ቀጠሮዬም አልተነካም፤ መነካትም የለበትም።

ስለዚህ እናንተም ሂዱና ጠይቁ። መከታተል ብቻ ነው ወይስ መድኃኒት በዕጣ የሚሰጥ? በዕጣ ከሆነ የአሁኑ መድኃኒቷ ምን ይሆናል? የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል ወይ? ጉዳት ቢታይ ማን ያስቆመዋል? ብትጎዳ ማን ያክማታል፣ ወጪውስ የማን ነው? ለኢኮና ለደም ምርመራው ትከፍላለች? ስሟና ካርዷ ማን እጅ ይገባል? በመሀል ልውጣ ብትል ሕክምናዋ ይቀጥላል? ሌሊት የሚደወልበት ስልክ አለ? ወረቀቱ በአማርኛ ይሰጣችሁ። ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። «ዛሬውኑ ካልፈረምሽ» የሚል ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። በደንብ ከመለሱላችሁ ግን እኔ ብሆን እገባለሁ።

ሰርጉን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። የጠበበ ቫልቭ ደግሞ እርግዝናውን ራሱ ያከብደዋል። በሬመዲ ጥናት ውስጥ ከነበሩት 1,825 በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች የወሊድ መከላከያ የሚወስዱት 65 ብቻ ነበሩ። አብዛኛዎቹን የነገራቸው ሰው የለም ብዬ ነው የማምነው። እህትሽ ከሰርጉ በፊት ከእጮኛዋ ጋር ሆና ሐኪሟን ታነጋግር። ለኔ ማንም አልነገረኝም ነበር። በጣም ዘግይቼ ነው የሰማሁት።

ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ። ስጨርስ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ሻይ እጠጣለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እናትሽን ይዘሻቸው ነይ። ጥናት ውስጥ የገባ ሰው ምን እንደሚመስል ይዩኝ። ደረቴ ላይ ጆሯቸውን ቢያደርጉም ቅር አይለኝም።