«በትር ካልቀመሰ አይሰማም» ይሉኛል

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። እኅቴ ዓረብ አገር ስትሄድ የ8 ዓመት ልጇን ለእኔ ትታልኛለች። ብዙ አይናገርም፤ ሌሊት ፍራሹ ላይ ይሸናል፤ ትምህርት ቤትም ይደባደባል። ጎረቤቶቼ «በትር ካልቀመሰ አይሰማም፤ መጽሐፉም ይላል» ይሉኛል። አለመምታቴ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ አይደለም እኅታችን። ጎረቤቶችሽ የሚጠቅሱት ምሳሌ 13፥24ን ነው፤ እውነትም ተጽፏል። ቆላስይስ 3፥21 ደግሞ «ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው» ይላል። ይሄኛው ቡና ላይ ሲጠቀስ ብዙም አልሰማሁም።

ተግሣጽ ለጥፋት ነው። ልጁ የሚሸናው ተኝቶ ነው፤ ምኑን ይቀጣል? እናቱ የተለየችው ልጅ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ዱላ ፍርሃቱን ያብስበታል። ፍራሹን ሰው ሳያይ ፀሐይ ላይ አስጪው። ካልተወው ጤና ጣቢያ አሳዪው። ጠበልም መልካም ነው፤ «ጠበል እወስድሃለሁ» ማስፈራሪያ ካልሆነ።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ እናቱ በኢሞ ስትደውል ማን ነው የሚያወራው? የእኛን ቤት አውቀዋለሁ። ትልልቆቹ ስለ ብሩ፣ ስለ ኮንትራቱ፣ ስለ እድሩ አውርተው ፓኬጁ ሊያልቅ ሲል ስልኩን ለልጁ ይሰጡታል። «ሰላም በላት» ይባላል። እሱም «ደህና ነኝ» ይላል፤ አለቀ። ከእንግዲህ መጀመሪያ ለእሱ ስጪው። ደብተሩን ያሳያት። አንቺም ወጣ በይላቸው።

ሲደባደብ «ለምን መታኸው?» ከማለትሽ በፊት «ምን ብሎህ ነው?» በይው። «እናትህ ጥላህ ሄደች» ብለውት ይሆናል።

ለትምህርቱ ደግሞ ማታ እሳት ዳር ስትቀመጪ አጠገብሽ ሆኖ ያንብብልሽ። አንቺ ትምህርቱን ባታውቂውም ችግር የለውም፤ የሚሰማው ሰው ያግኝ። እዚሁ ቡልጋ የተወለዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም መጀመሪያ የተማሩት ከአባታቸው ከካህኑ ጸጋ ዘአብ እንደሆነ ገድላቸው ይናገራል።

የክርስትና አባቱስ የት ነው? በ40 ቀኑ ያነሣው ሰው አደራ አለበት። እኛ ግን ለፋሲካ ብቻ የምንጠያየቅበት ዝምድና አድርገነዋል። ሂጂና ንገሪው፤ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ይውሰደው፣ ቤቱም ከልጆቹ ጋር ያውለው። ሩቅ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስመዘግቡታል።