ቅዱስ ሩፋኤል ዋጋ አልተቀበለም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ዕድሜዬ 58 ደርሷል። የደም ግፊት ስላለብኝ ኪኒን ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ቤሩት የምትሠራ ልጄ «ለመድኃኒትሽ ይሁን» እያለች በየወሩ ብር ትልክልኛለች። በቅርቡ አንድ ሰው የዓሣ ዘይት የሚባል እንክብል ሸጠልኝ። «ቅዱስ ሩፋኤል ለጦብያ ያዘዘው መድኃኒት ነው፤ ልብ ያጠራል፣ ዓይን ያበራል፣ የግፊቱንም ኪኒን ያስተውሻል» አለኝ። ፍልሰታ እየደረሰ ነው። በጾም ብውጠው ያስገድፋል? ኪኒኑንስ ልተወው? የጠርሙሱን ፎቶ ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የግፊቱን ኪኒን አይተዉ። ትተውት ከሆነ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ እንኳ አይቆዩ፤ ያዘዘልዎትን ሐኪም ዛሬውኑ ያነጋግሩ። ግፊት ሳያስጠነቅቅ ሰው ይጥላል። «አሁን ምንም አይሰማኝም» ብለው ኪኒናቸውን ያቋረጡ፣ በኋላ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ የዋሉ ምእመናንን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠይቄአለሁ። እርስዎን እንደዚያ ሆነው ማየት አልፈልግም።

አሁን ወደ ቅዱስ ሩፋኤል እንምጣ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። ጥቁር አዝሙድ፣ ማር፣ የወይራ ዘይት፣ ሁሉም ጥቅስ እየተለጠፈበት ሲሸጥ አይቻለሁ። ምእመኑ «መጽሐፍ ላይ አለ» ሲባል መጠየቅ ያቆማል። ገበያ ላይ አንድ ጣሳ ተልባ ሲገዛ በእፍኙ ዘግኖ፣ አሽትቶ፣ ተከራክሮ ነው። ጥቅስ ያለበትን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይከፍላል። ይህ እምነት ይመስለናል። እምነት ግን አይደለም።

ሻጩ የጠቀሰልዎት ታሪክ እውነት ነው፤ መጽሐፈ ጦቢት ከምዕራፍ 6 ጀምሮ ይገኛል። ግን አብረን እናንብበው። ጦብያ ሊታጠብ ወደ ጤግሮስ ወንዝ ወረደ። ትልቅ ዓሣ ዘሎ ወጣበት። መንገድ እየመራው አብሮት የነበረው መልአኩ ሩፋኤል «ያዘው» አለው፤ ልጁም ታግሎ ወደ ዳር አወጣው። ሐሞቱን፣ ልቡንና ጉበቱን ለይቶ አስቀመጠ። ሥጋውን ጠብሰው በሉት። ልቡንና ጉበቱን በኋላ በፍም ላይ አጨሰው፤ ርኩሱ መንፈስም ሸሸ። ሐሞቱን የአባቱን የጦቢትን ዓይን ቀባው፤ የሸፈነው ነጭ ተገፈፈና አባቱ አየ።

እንግዲህ ልጠይቅዎ። ዘይት የሚል የት አለ? የተዋጠ መድኃኒትስ የት አለ? ጦቢትም የግፊት በሽተኛ አልነበረም። ያ ዓሣ ለዚያች ቀን፣ ለዚያ ቤት፣ በመልአኩ ቃል የተሰጠ ነው። ዓይን ያበራው የእግዚአብሔር ምሕረት ነው። ዓሣ በራሱ ዓይን የሚያበራ ቢሆን ኖሮ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ መነጽር ባላስፈለገው ነበር።

ሻጩ ያላነበበልዎት ደግሞ ምዕራፍ 12 አለ። አባትና ልጅ ለመንገድ መሪው ዋጋውን ሊከፍሉት ጠሩት። ካመጡት ሀብት ሁሉ እኩሌታውን ውሰድ አሉት። ቅዱስ ሩፋኤል ግን አልወሰደም። ለብቻቸው ጠርቶ እግዚአብሔርን አመስግኑ አላቸው። ጸሎት ከጾምና ከምጽዋት ጋር መልካም እንደ ሆነ የነገራቸውም በዚሁ ቦታ ነው። ያንን ዓሣ ያሳየው መልአክ ሳንቲም አልነካም፤ ጾምንም አመሰገነ። በስሙ እንክብል የሚሸጥ ሰው ዋጋ ይቀበላል፤ አልፎም ጾምዎን ያስጨንቅዎታል። ልዩነቱን እርስዎ ይዩት። ነግዶ መብላት ኃጢአት አይደለም። የመልአክን ስም የዕቃ ማሻሻጫ ማድረግ ግን ድፍረት ነው። ሻጩን ካገኙት ይህንኑ በእኔ ስም ይንገሩት።

መድኃኒት አይወሰድ እያልኩ አይደለም፤ እንዳይሳሳቱብኝ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ አልቅሶ ጸለየ። እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ እንደሚፈውሰው ነቢዩ ኢሳይያስን ላከበት። ኢሳይያስ ግን በዚያው የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ፤ በቁስሉ ላይ አደረጉለት፤ ዳነ (2ኛ ነገሥት 20)። የተስፋው ቃል ከእግዚአብሔር መጥቶ እያለ በለሱ አልቀረም። ጠበልዎን ይጠጡ፣ ኪኒንዎንም ይዋጡ። ጠበሉ ኪኒኑን አይቀናበትም።

ስለ ዓሣ ዘይቱ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን የወጣ አንድ ሐኪም ጠይቄ ነበር። ፎቶውን አብረን አየነው። ፊት ለፊት በትልቁ «1000 ሚሊ ግራም የዓሣ ዘይት» ይላል። ጀርባው ላይ በደቂቅ ፊደል ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ተብሎ ተጽፏል። ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚው ነገር እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሲደመሩ 300 ሚሊ ግራም ብቻ ይሆናሉ። የቀረው ሌላ ቅባት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የሚገዛ ሰው ጠርሙሱን ገልብጦ ጀርባውን ያንብብ።

ጥቅሙስ? እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ቫይታል የተባለ ትልቅ ጥናት ውጤት ወጣ። 25,871 ሰዎች ነበሩበት። እኩሌቶቹ በየቀኑ 1 ግራም ኦሜጋ 3 ወሰዱ፣ እኩሌቶቹ መድኃኒቱ የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል። ከአምስት ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። ዋና ዋና የልብና የስትሮክ አደጋዎች አንድ ላይ ተቆጥረው ሲታዩ፣ በካንሰርም ቢሆን፣ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት በጣም ለጨመረበት ሰው ግን ሐኪም የተጣራውን ዓይነት በቀን እስከ 4 ግራም ሊያዝ ይችላል። እርሱ መድኃኒት ነው፤ እርስዎ የገዙት ግን የምግብ ማሟያ ነው።

ግፊትንም ቢሆን በቀን 2 ወይም 3 ግራም ኦሜጋ 3 ሲወሰድ ጥቂት ዝቅ ሊያደርግ ይችላል አለኝ ሐኪሙ። ከእርስዎ ጠርሙስ ያንን ለማግኘት በቀን ከሰባት እስከ አሥር እንክብል መዋጥ ሊኖርብዎ ነው። እንዳያደርጉት! በብዛት ሲወሰድ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይነካው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ዓመት አንዲት እኅት እንዲህ ያለ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ፀሐይ ላይ ከተዘረጋ ዕቃ መካከል ነበር የገዛችው። አንዱን እንክብል ነጭ ሳህን ላይ በምላጭ ሰነጠቅነው። ቢጫው ዘይት ፈሰሰ። የተበላሸ ዘይት ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ መስኮት ከፍተንም ወዲያው አልወጣም። የዓሣ ዘይት ሙቀትና ብርሃን ያበላሸዋል። ልባሱ ሽታውን ስለሚይዘው ግን የሚውጠው ሰው አያውቅም። እርስዎም አንዱን ሰንጥቀው ያሽትቱ።

አሁን ወደ ጾሙ። ሐኪም ለሕመም ያዘዘልዎትን መድኃኒት በጾም መውሰድ አያስገድፍም። ጠዋት ውሰጂ ከተባሉ ጠዋት ይውሰዱ። ሰዓቱ ከቅዳሴና ከቍርባን ጋር ከተጋጨብዎ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ እርሳቸው ያውቁበታል።

ይኸኛው ግን በሽታ ስላለ የታዘዘ አይደለም። «ጥሩ ነው» ሲባል የተገዛ ነው። ለበሽተኛ የተሰጠውን ፈቃድ «ጥሩ ነው» ለተባለ ነገር ሁሉ ካዋልነው ወተቱም እንቁላሉም ጥሩ ነው፤ ምን ይቀረናል? ፍልሰታ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ማሟያ ለዚያን ያህል ጊዜ ቢቀር ምንም አይጎድልብዎም። ስለዚህ በጾም አይዋጡት። ወደ ሐይቅ ስወርድ በጾም ቀን ዓሣ ቤቶቹ ሞልተው አያለሁ፤ «ዓሣ እኮ ጾም ነው» የሚለኝም አላጣሁም። እኔ አባቶቼ ሳይበሉ ስላስተማሩኝ አልበላም፤ እርስዎም እንደማይበሉ ከጥያቄዎ ገብቶኛል።

ልባሱም ሌላ ጉዳይ አለው። እንክብሉ የተጠቀለለበት ነገር ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው። ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይወጣል፤ ከዓሣ የሚወጣም አለ። የእርስዎ ጠርሙስ ጄላቲን ይላል እንጂ ከምን እንደተሠራ አይልም። ይህ እንግዲህ በፍስክም የሚጠየቅ ነው። ሙስሊም ጎረቤትዎም ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ነው። ሐኪም ለሕመም ባዘዘው መድኃኒት ላይ ግን ይህን ምርመራ አልጠይቅዎም።

«ታዲያ በጾም ምን ልውሰድ?» ካሉኝ፣ ተልባ አለልዎት። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተበጥብጦ ከልጅነታችን የምናውቀው። ውስጡ ከዕፅ የሚገኝ ኦሜጋ 3 አለ። ሰውነታችን ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው ከእርሱ ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ናቸው ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ምግብ ነው፣ የጾም ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም። በፍስክ ጊዜ ደግሞ ዓሣውን ራሱን ይብሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚመክረው በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሣ መብላትን ነው። የሐይቅ ቆሮሶ ጥሩ ነው። በኦሜጋ 3 ግን የጣሳው ሰርዲን ይበልጠዋል።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ከእንክብሉ ይልቅ ልጅዎ ናት። ወሎ ውስጥ ሴት ልጁን ወደ ዓረብ አገር ያልሸኘ ሰፈር የለም። ያ ብር በሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ ያገኘችው ነው። እርስዎም ብሩን ለመድኃኒት ማዋልዎ እርሷን ማክበርዎ ነው፤ አላጠፉም። አብሽሩ። ከእንግዲህ ግን ይህን አይግዙበት። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሁለቱንም፣ የኪኒኑንም የዓሣ ዘይቱንም ጠርሙስ፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ፊት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጧቸው። «ይህን ከዚህ ጋር ልውሰድ?» ብለው ይጠይቁት። አያስፈልግም ካለዎት ይተዉት። ለልጅዎም ሲደውሉ እውነቱን ይንገሯት፤ ሰው እንዳታለልዎት ብትሰማ አትቆጣም።

የክርስትና ስሟን ይላኩልኝ። በፍልሰታ ውዳሴ ማርያም ስንደግም አነሣታለሁ።