አጽጂው ዓሣ፦ ጥያቄና መልስ

ከኤላት የጻፉልን አንባቢ ቀይ ባሕር ውስጥ ጥቁር መስመር ያለው ሰማያዊ ትንሽ ዓሣ ትልቅ አዳኝ ዓሣ አፍ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አይተዋል። ለምን አልተዋጠም?

ያዩት አጽጂው ዓሣ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ላብሮይደስ ዲሚዲያተስ። ቢያድግ ከ14 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። የሚበላው የሌሎችን ዓሦች ጥገኛ ተባይ ነው፤ አውስትራሊያ ሊዛርድ ደሴት ላይ ሲጠና አንዱ በቀን 1,200 ያህል ሲለቅም ተገኝቷል። ትልቁ ዓሣ አፉን የሚከፍተው ለመጽዳት ነው፤ ቢውጠው አንድ ጉርሻ አይሞላም።

ወንዱ ሴት ይሆናል ወይ?

ወንድ የምትሆነው ሴቷ ነች። አንድ ወንድ ከጥቂት ሴቶች ጋር ይኖራል። እሱ ሲሞት የጎረቤት ወንድ ካልቀደማት ትልቋ ሴት በሰዓታት ውስጥ የወንድ ጠባይ ትይዛለች፤ በሁለት ሳምንት ገደማ የወንድ ዘር ማመንጨት ትጀምራለች።

ከዱባይ፦ የጨው ውኃ ገንዳቸው ዓሦች ነጭ ነጠብጣብ ወጣባቸው፤ ሻጩ «አጽጂ ዓሣ ግዛ፣ ይለቅምልሃል» ብሏቸዋል።

እባክዎ አይግዙ! ነጠብጣቡን የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን የሚባል ተውሳክ ቆዳ ውስጥ ተቀብሮ ያድጋል፤ አጽጂው የሚለቅመው ላይ ላዩን የተጣበቀውን ነው። ገንዳ ውስጥ ያ ምግቡ ስለሌለ የጤነኞቹን ልጋግ መንከስ ይጀምራል። ባሕር ውስጥም ልጋግ ይወዳል፤ እዚያ ግን የተነከሰው ቱር ብሎ ይሄዳል ወይም ያባርረዋል። ገንዳ ውስጥ መሸሻ የለም። አጽጂውም ብዙ ጊዜ የሚሰጡትን መኖ እምቢ ብሎ ከስቶ ይሞታል። የተወሰደበት ቦታም ይጎዳል፤ ሊዛርድ ደሴት ላይ አጽጂዎቹ ለ8 ዓመት ተኩል በተነሡባቸው ትንንሽ ሪፎች (ባሕር ውስጥ ያሉ የኮራል ክምሮች) የዓሣው ብዛትም ዓይነትም ቀንሷል።

ይልቅ ዓሦቹን ሁሉ ወደ ሌላ፣ ማከሚያ ገንዳ ያውጡ፤ ዋናው ያለ ዓሣ 76 ቀን ያህል ይቆይ፤ ተውሳኩ የሚጣበቅበት አጥቶ ይሞታል። የመዳብ መድኃኒት ማከሚያው ገንዳ ውስጥ ብቻ ይጨመር፤ ዋናው ውስጥ ከገባ ኮራሉንና ሽሪምፑን ይፈጃል። መጠኑን በግምት አያድርጉት፤ ሲያንስ ተውሳኩ ይተርፋል፣ ሲበዛ ዓሣው ይሞታል። ዓሣ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ።

ከአዲስ አበባ፦ በቧንቧ ውኃ ከጎልድፊሽ ጋር ይኖራል?

አይኖርም፤ የባሕር ዓሣ ነው።

አስመሳይ አለው ሲባል ሰማሁ፤ እንዴት ልለየው?

አፉን ይዩ። የአጽጂው አፍ ከፊት ጫፉ ላይ ነው፤ የአስመሳዩ ግን ከአፍንጫው ሥር ወደ ሆዱ በኩል ገባ ያለ ነው። ለመጽዳት ክንፉን ዘርግቶ የቆመውን ዓሣ ቀርቦ ክንፉን ቦጭቆ ይሸሻል።